አበልጄ እና የሊያ ውሾች

ማክሰኞ
ዛሬም ልጄ ሊያ ወይንሸት ዘንድ ነው የደወለችው። እኔ ወላጇ ሲልቨር ስፕሪንግ ስልኬን ታቅፌ ቁጭ ብዬ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ላለችው ለክርስትና እናቷ። አበልጄ ደግሞ ወዲያው ኮል አደረገችኝ። «ሊያ አንዲት የዱር ውሻ ከአዳኞች ወጥመድ አወጣች፣ ነገረችሽ አይደል?» አዎ አልኳት። ውሸቴን ነው። ዛምቢያ ፓርክ ውስጥ አውሬ የምትጠብቀው የእኔ ልጅ፣ ወሬዋ የሚመጣልኝ ከቨርጂኒያ።

ረቡዕ
ሥራ ላይ ስብሰለሰል ዋልኩ። ወይንሸት የውሾቹን ስም አንድ በአንድ ታውቃለች። ፎቷቸውን ፍሪጇ ላይ ለጥፋለች። ክርስትና አነሳች እንጂ አላማጠችም!
ይሁን። የሊያ የሥራ ኮንትራት ሰኔ ላይ ያልቃል፣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ክፍሏን ቀለም ያስቀባሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ
ትንሿን ልጄን ቤቲን፣ እህትሽ ለምን አትደውልልኝም አልኳት። በእንግሊዝኛዋ መለሰችልኝ፤ «መቼ ነው የምትመጪው» ከማለት ሌላ የምጠይቃት የለም አሉ። ተናደድኩ። እናት ሌላ ምን ትጠይቃለች?
ሳስበው ግን ባለፈው ሳምንትም ያልኳት ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ
ራሴ ለሊያ ደወልኩ። «መቼ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። «ያቺ ውሻ እንዴት ሆነች?» አልኳት።
ከዚያ አወራችልኝ፣ አወራችልኝ። የውሻዋ እግር እየዳነ ነው። የምትሄድበትን የሚያዩበት የሬድዮ ማሰሪያ አንገቷ ላይ አድርገውላታል። ሴቶቹ ውሾች ሲያድጉ ከእናታቸው መንጋ ወጥተው ርቀው ይሄዳሉ አለችኝ።
«እናቲቱስ?»
«እማ፣ እሷማ እዚያው ናት» ብላ ሳቀች።
ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። ኮንትራቷን ለሁለት ዓመት አራዝማለች። «ካንቺ በፊት ለማንም አልተናገርኩም» አለችኝ።
ደግ አደረግሽ አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ቀለም ወዳስቀባሁት ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ።

እሑድ
ከቅዳሴ መልስ ወይንሸት ደወለች። ሰኔ ላይ ኤርፖርት አብረን ሄደን እንቀበላት አለችኝ።
«አልነገረችሽም እንዴ?» አልኳት። ጣፈጠኝ፣ አልዋሽም።
ነገርኳት። ለቅሶዋ ተሰማኝ። እኔም ከትናንት ጀምሮ የያዝኩት እንባ አመለጠኝ። «ነይ በቃ፣ ምሳ አብረን እንብላ» አልኳት። «የውሾቹንም ፎቶ ይዘሽልኝ ነይ።»
መንገድ ላይ ናት። ፍሪጁ ላይ ቦታ ለቅቄያለሁ። እዚያው ስለቀረችው እናት ውሻ ግን አልነግራትም። እሷ የእኔ ናት።