በጎረቤቴ ቤት ሰባተኛ ሆኜ ስለ መቆጠሬ

ለነዋሪዎች ምዝገባና ቆጠራ መሥሪያ ቤት

ሰላምታን በማዕረግ ቅደም ተከተል ማቅረብ ያደግሁበት ሥርዓት ነውና፣ ከሁሉ አስቀድሜ በመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት፣ በቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ለሚገኘውና ማንም እምቢ ሊለው ለማይደፍረው የመመዝገቢያ ማሽን የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በመቀጠል የማሽኑን ውሳኔ በፊርማቸው ለሚያጸድቁት ለክቡር ዋና ዳይሬክተር፣ ፊርማውን በማኅተም ለሚያጸኑት ለክቡራን ምክትሎቻቸው፣ ማኅተሙ እስኪደርቅ በትዕግሥት ለሚጠብቁት የየክፍሉ ኃላፊዎች፣ በመጨረሻም «ሲስተሙ ነው» የሚለውን መልስ ቀኑን ሙሉ ሳይሰለቹ ለሚሰጡት የመስኮት ሠራተኞች ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። እንደምን ከረማችሁ? እኔ፣ በመዝገባችሁ መሠረት፣ ከስድስት ቤተሰቦቼ ጋር ደኅና ነኝ።

በቅርቡ ያወጣችሁትን ዓመታዊ ሪፖርት መነጽሬን ወልውዬ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። «የቤተሰብ ትስስር ከምንጊዜውም በላይ ጠንክሯል» ይላል። ከዚያም በገጹ ግርጌ በደማቅ ቀለም «ብቻውን የሚኖር ሰው ብዛት፦ ዜሮ» የሚል ተጽፏል። ብዙዎች ሊያቃልሉት የሞከሩትን ብቸኝነት እናንተ በአንድ ሠንጠረዥ ከምድረ ገጽ ስላጠፋችሁት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይህን ምስጋና በታሸገ ፖስታ ሦስት ጊዜ ልኬላችሁ፣ ሦስት ጊዜ «አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ስለ ደረሰኝ፣ አራተኛውን በአደባባይ ማድረጉን መርጫለሁ። የቸኮልኩበትም ምክንያት አለ፤ እደርስበታለሁ።

ለማታውቁኝ ወጣት ባለሙያዎች ማንነቴን ላስረዳ። ዛሬ በተቀመጣችሁበት ቦታ፣ መሥሪያ ቤቱ ገና ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ሳለ ጀምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግያለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታት በዋና ኃላፊነት። ሥራ የጀመርኩት የክትባት ሣጥን በትከሻዬ ተሸክሜ፣ የቆጠራ ደብተር በብብቴ ይዤ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ይሠራው ነበርና። አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆመው «ሁለቱን ጻፍ፣ ትንሿን ተዋት» አሉኝ። ምነው እናቴ ብላቸው፣ «ኩፍኝ ሳይወጣላት ልጄ ብዬ አላስቆጥርም። ነገ አንተ ተመልሰህ ልታጠፋት ነው?» አሉኝ። ትንሿን ከተብኳት፤ ሳልጽፋትም ሄድኩ። ከአራት ዓመት በኋላ ስመለስ እኚያው እናት ገና ደብተሬን ሳልገልጥ «ጻፍ እንጂ! አራት ናቸው፤ ምን ትጠብቃለህ?» ብለው ተቆጡኝ።

ይኸው ነው የሕዝብ ዕድገት ማለት፣ ክቡራን። በሪፖርታችሁ ላይ ወደ ላይ የሚወጣው ቀይ መስመር መነሻው ከዚያ በር ነው። መርፌው፣ የእጅ ፓምፑ፣ እትብት የሚቆረጥበት የተቀቀለ ምላጭ፣ ቶሎ የሚደርሰው ምርጥ ዘር፣ እያንዳንዱ ትንሽ ነገር ነበር፤ ሲደማመሩ ግን ሞትን ከስንት ደጃፍ መለሱት። እኔ ሥራ ስይዝ የነበረው ሕዝብ ጡረታ ስወጣ እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ። እንደ ሠርግ ቤት ጫጫታ ደስ ይለኝ ነበር። ታዲያ ያው ሰው ሠራሽ ብልሃት ሥራውን አላቆመም። ሰው ሲበዛ ቤቱን ወደ ላይ ደራረበለት፣ ሊፍት ሰጠው፣ ልጅ መጥኖ የሚወልድበትን ክኒን ሰጠው፣ በመጨረሻም ዘመዱን በኪሱ የሚይዝበት ስልክ ሰጠው። እናቴ ዘጠኝ ወልዳ ሦስት ቀሩላት፤ ሦስታችንም ራስጌዋ ነበርን። እኔ ሦስት ወልጄ፣ ምስጋና ለመርፌው ይሁንና፣ ሦስቱም ቀሩልኝ፤ ሦስቱም በሦስት አገር፣ በሦስት ሰዓት አቆጣጠር፣ በአንድ ስክሪን ላይ። ባለቤቴ ካረፈች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በእነዚህ ዓመታት እጄን አዘውትሮ የያዘው የእናንተ የጣት አሻራ ማንበቢያ ብቻ ነው፤ ስለዚህም አመሰግነዋለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፣ ባለፈው ወር ስልኬ ላይ «ውድ ነዋሪ፣ ቤተሰብዎ 7 አባላት እንዳሉት ተረጋግጧል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ያነበብኩት ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ አንድ ሳህን አጥቤ፣ አንድ ብርጭቆ ደፍቼ፣ አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። እውነት ለመናገር ዞር ብዬ አየሁ። ሰው ሰባት ነህ ሲባል ዞር ብሎ ሳያይ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ስህተቱን ላሳርም መሥሪያ ቤታችሁ ድረስ መጥቼ፣ በአራተኛው መስኮት ያለችው ጨዋ ልጅ መዝገቡን ከፈተችልኝ። በዘጠነኛ ፎቅ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት ባለው ቤት ስር ተመዝግቤአለሁ። ተራ ቁጥር ሰባት፤ ዝምድና፦ «ሌላ»። «አባቴ፣ ሲስተሙ ነው» አለችኝ፤ «አንድን ሰው ብቻውን ቤተሰብ ብሎ አይቀበልም። ቅርብ ካለው ቤት ጋር ይጨምረዋል።» በየትኛው ሕግ ብዬ ስጠይቃት፣ ምን ጊዜም የማትሰለች ናትና፣ ሕጉን አትማ ሰጠችኝ።

ሦስተኛው ቅሬታዬ በዚህ ወረቀት ላይ ነው፤ አቀራረቡ ግን ያስቸግረኛል። ወረቀቱ የሠላሳ ስምንት ዓመት ዕድሜ ያለው ሰርኩላር ነው። «ብቻውን የሚኖር ሰው ለአሠራር ያመች ዘንድ በአቅራቢያው ካለ ቤተሰብ ጋር ተጠቃሎ ይመዝገብ» ይላል። ከግርጌው ያለውን ፊርማ አወቅሁት። የዚያን ጊዜ እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር።

ለመከላከያዬ ያህል ይህን እላለሁ፦ በዚያ ዓመት በኃላፊነቴ ስር ባለው ወረዳ ሁሉ ብቻውን የሚኖር ሰው ተፈልጎ የተገኘው አርባ አንድ ነበር። ለአርባ አንድ ሰው በቅጹ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር የወረቀቱን ወርድ ያሰፋዋል፤ የሰፋ ወረቀት ደግሞ ከታይፕ መኪናችን አይገባም። ደግሞም ብቻውን የሚኖር ማለት እሳት ከጎረቤት የሚጭር፣ ሲያመው ጎረቤት የሚያስታምመው፣ በጎረቤት ገበታ ቦታው የታወቀ ሰው ማለት ነበርና፣ ከጎረቤት ጋር ብጽፈው እውነት የጻፍኩ መሰለኝ። እናንተ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ፊደል ሳትነኩ፣ በአገር ዋጋ ለተገዛ ማሽን አጎረሳችሁት። የእኔ ስንፍና በአንድ ወረቀት ወርድ ተወስኖ ነበር። እናንተ ክንፍ ሰጣችሁት፤ ስለ ውርስ አጠባበቃችሁ አመሰግናለሁ።

በዚያች ሰዓት ግን ምስጋና አልታየኝም፤ ተናደድኩ። ሰው በራሱ ፊርማ ሲመታ ንዴቱ ልክ የለውም። ልጅቷ «አባቴ፣ ሁለት ምርጫ ነው ያለዎት፤ ወይ እዚያ ይቆያሉ፣ ወይ ይሰረዛሉ» ስትለኝ፣ ሰርዢኝ አልኳት። «እርግጠኛ ነዎት? ክሊኒክም፣ መድኃኒትም እኮ በዚሁ መዝገብ ነው» ብላ ለመነችኝ። ሰርዢኝ አልኩ፤ አሻራዬንም ሰጠሁ። መሰረዙ የሚጸናው በሠላሳኛው ቀን ነው ተባልኩ።

አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ። ስረዛውን በጠየቅሁ በአምስተኛው ቀን ግን በሬ ተንኳኳ።

የፊት ለፊቷ ጎረቤቴ ናት፤ በቤቷ ልብስ የምትሰፋ፣ የሜትር ጥብጣብ ከአንገቷ የማይወርድ ሴት። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ሊፍት ወጥተን ወርደናል፤ የተነጋገርነው «ስንተኛ ልጫን?» ብቻ ነው፤ እሱንም ሁለታችን ዘጠነኛ መሆኑን እያወቅን። «ይቅርታ አባባ» አለችኝ፤ «በስልኬ በመጣው ዝርዝር ስምዎት እኛ ጋ ወጥቶ ነው። እናቴ ዝርዝሩን ሰምታ 'ታዲያ ሰባተኛው የት አለ? ከተቆጠረ መጥቶ ይብላ እንጂ!' ብላ ምሳውን አላስጀምር አለችን።» እንደማይመቸኝ ልነግራት አፌን ስከፍት ከወዲያ በር የአሮጊቷ ድምፅ «ይለመናል እንዴ? ወጡ በረደ በዪው!» ሲል ተሰማኝ።

ሄድኩ። ባልየው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከመኝታ ቤት ወንበር ይዞልኝ መጣ። ሦስቱ ሴቶች ልጆች ጠጋ ጠጋ አሉ። ትልቋ መልእክቱን አነበበችና «አያቴ፣ ዝምድና፦ ሌላ ይላል» ስትል፣ አሮጊቷ «ሌላ የሚባል ዘመድ የለም! አያት በሉት፤ ያን ሁሉ ሽበት አታዩም?» ብለው ፈረዱ። ሹፌሩ እየሳቀ «አባባ፣ እማማ ከወሰኑ ይግባኝ የለውም» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሕዝብ ስቆጥር፣ የተቆጠረ ሰው ምን እንደሚሰማው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

መሰረዜን አልነገርኳቸውም። ከዚያ ወዲህ ሁለት እሑድ ከገበታቸው ተቀመጥኩ፤ አሁንም አልነገርኳቸውም። በአሥራ ስምንተኛው ቀን መስኮታችሁ ድረስ መጥቼ የስረዛ ጥያቄዬን መልሼ ልወስድ ብለምን፣ «ሲስተሙ የተጠየቀ ስረዛን መመለስ አይፈቅድም» ተባልኩ። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶኛል። ዕለቱ ሲደርስ ማሽናችሁ ለእነዚያ ሰዎች «ከቤተሰብዎ አንድ አባል ቀንሷል» የሚል መልእክት እንደሚልክ አረጋግጫለሁ፤ ጽሑፉን በዘመኔ፣ ገና በፖስታ ሲላክ፣ ያረቀቅሁት እኔው ነኝና። አሮጊቷ «ቀንሷል» የሚለውን ምን ብለው እንደሚረዱት ለማሰብ ሊቅ መሆን አያሻም፤ በዕድሜያቸው ሰው የሚቀንሰው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። በራሴ ኩራት የገባሁበትን ጉድ ከማሽን ከሚሰሙት፣ ከዚህ ደብዳቤ ቢያነቡት ይሻላል ብዬ ነው አደባባይ የወጣሁት። እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ብቻውን ለሚኖር ሰው የራሱን ዓምድ ስጡት፤ ማሽናችሁ የወረቀት ወርድ አያስጨንቀውም። የእኔን ሰርኩላር ሻሩት፤ ሻሪው ፊርማ ካስፈለገው እጄ ቢንቀጠቀጥም እመጣለሁ። እኔን በሚመለከት ግን ስረዛውን አንሡልኝ፤ በተራ ቁጥር ሰባት ተዉኝ። ስህተት መሆኑ አልጠፋኝም። «ሌላ» የሚለውን ብቻ የቤቱ ባለቤቶች በወሰኑት ቃል ለውጡልኝ።

ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስላነበባችሁኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለማሽኑ ቀዝቃዛ አየር፣ ለክቡር ዋና ዳይሬክተር የማያልቅ ቀለም፣ ለአራተኛዋ መስኮት ልጅ ዕድገት፣ ለመላው መሥሪያ ቤት የተሳካ የሥራ ዘመን እመኛለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣
የቀድሞው ዋና ቆጣሪ፣
የዘጠነኛ ፎቅ ነዋሪ፣
ለመጪዎቹ አሥራ ሁለት ቀናት ሕያው

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ከእማማ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘን የሕንፃችንን በሮች አንኳኳን። ከመቶ አሥራ ሁለቱ በር በሠላሳ ሰባቱ የከፈተልን ሰው ብቻውን ነው የሚኖረው፤ አንዱ ከመክፈቱ በፊት «ተሳስታችኋል» አለን። ዝርዝሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያላያያዝኩት ዜሮአችሁን እንዳላበላሽባችሁ ብዬ ነው። ራሳችሁ ልታዩአቸው ከወደዳችሁ ግን፣ በር ማንኳኳት የሚባል የቆየ ቴክኖሎጂ አለ፤ መብራት ሲጠፋም ይሠራል።