ቅጠል አይጮኽም

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? የጅማ ዝናብ ሳልሽን እንዳይቀሰቅስብሽ እሰጋለሁ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ ሌላውን ከታች ታገኚዋለሽ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን ይባላል እንዳትይኝ። በስልክ የወንድምሽን ስም ባነሳሁ ቁጥር ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት ግን ብትወረውሪውም ተመልሰሽ ታነሺዋለሽ። የዕለት ውሎዬን የመጻፍ ልማዴንም ታውቂያለሽ፤ የምነግርሽ በዚያው ዕለት የጻፍኩትን ነው። እናትሽን የገደላት የወንድምሽ የዱጉማ ቸልተኝነት አይደለም።

ለቀብር ስትመጪ ከሱቄ ፊት ለፊት ያየሽው የፍሳሽ ጉድጓድ አዲስ ክዳን ነበረው። «እዚህ ድፍን ቦታ ላይ ሰው እንዴት ይወድቃል? የሚደግፋት ጠፍቶ ነው እንጂ» ብለሽ፣ ወንድምሽን በለቀስተኛው ፊት ዓይንህን አታሳየኝ አልሽው። ያ ክዳን የተገጠመው እሷ ከወደቀች በኋላ፣ አስከሬኗ ከሆስፒታል ሳይወጣ ነው። ሁለት ክረምት ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ኖሯል። ለካ ክዳኑ ነበራቸው።

መንገዱን የቆፈሩት፣ ክዳን የፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሥራ ነው አሉ። ፍሳሾቹ፣ መንገዱን ገና አልተረከብንም አሉ። ዱጉማ ከሥራው እያስፈቀደ ሁለቱም ዘንድ ሲመላለስ ከረመ። በመጨረሻ ወረዳ ሄደ። ኃላፊው፣ አስረስ የሚባለው፣ «በእኛ መረጃ እዚያ ቦታ ክፍት ጉድጓድ የለም» አለው። የወንድምሽን አፍ ታውቂው የለ፤ «እንግዲያው ጌታዬ፣ ይምጡና በሌለው ጉድጓድ ላይ ይቁሙልኝ» አለው። በጥበቃ አስወጡት።

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የማይመጣ ዕቃ አልጠብቅም። ሱቄ ውስጥ ከምሸጠው ብረት ወፍራም ላሜራ አውጥቼ ጉድጓዱ ላይ አስተኛሁና ዳር ዳሩን በድንጋይ አስያዝኩት። ሲነካ እንደ ደወል ይጮኻል። እናትሽ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ መንገዱን በዚያ ድምፅ መለየት ጀመረች። በዘንጓ መታ መታ ታደርገዋለች፤ ሲጮኽላት «ቆርቆሮሽ ደህና አደርሽ አለኝ» ብላ ትስቅና እዚያ ላይ ታጥፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ታቀናለች። ዱጉማ እጇን ሊይዝ ሲሞክር «በገዛ ማሳዬ ላይ ልትመራኝ ነው?» ትለው ነበር። እውነቷን ነው፤ ያ አስፋልት ያረፈው አባትሽ ጤፍ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ ነው።

የዚያን ዕለት ማርያም ነበረች። ሱቅ ስከፍት ደንብ አስከባሪዎች ደረሱ። በዚያ በኩል እንግዳ ያልፋል ተብሎ መንገዱ ይጽዳ ተብሏል። የሊስትሮውን ጃንጥላ፣ የሽንኩርት ሻጯን ሸራ ሰብስበው ላሜራዬንም አነሱ። ከሥሩ ጉድጓድ አለ፣ ተዉት ብዬ ለመንኳቸው። አንደኛው «እናት፣ እኛ የታዘዝነው የላዩን ነው» አለኝና መኪናው ላይ ወረወረው።

ከአጥር የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጬ ጉድጓዱ አፍ ላይ አቆምኩ፤ መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ እንደሚደረገው። ለሚያይ ሰው ይበቃል። ለእናትሽ ግን ቅጠል አይጮኽም። ይህን ስለማውቅ ሌላ ላሜራ ልጎትት ወደ ውስጥ ገባሁ። ስወጣ ደርሳለች። በዘንጓ መታ አደረገች፤ ዝም። አንድ እርምጃ ጨመረች፤ መታ፤ ዝም። ድምፁን እየፈለገች ሄደች። እማማ ገዲሴ ብዬ ጮኽኩ፤ ገልባጭ መኪና እያለፈ ነበር፤ አልሰማችኝም። ዘንጓ ብቻ አስፋልቱ ላይ ቀረ።

ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ግን ሁሉም የታዘዘውን ሠርቷል። መንገዱ ተቆፍሯል፣ ተጠርጓል፣ እንግዳውም አልፏል። ክዳኑ ብቻ የማንም ሥራ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን አስረስ ራሱ ሱቄ መጣ። «በዕድሜ መግፋትና ደጋፊ በማጣት አዳልጧት» የሚል ወረቀት ይዟል፤ በምስክርነት እንድፈርምለት ፈለገ። «እህቴ፣ አንቺ የንግድ ሰው ነሽ። ነገር አታካብጂ። ደግሞ ፈቃድሽ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚያዝን ሰው። አመዛዘንኩት። የወረቀቱ «ደጋፊ» ማለት ዱጉማ ነው። ሱቁን ዘግቼ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩና ያየሁትን ሁሉ ተናግሬ በራሴ ቃል ላይ ፈረምኩ። ጉዳዩ የት ደረሰ አትበይኝ፤ እሱም እንደ ክዳኑ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላከ ነው።

ወንድምሽ ሥጋው አልቋል። ጠዋት ጠዋት የእናትሽን ዘንግ ይዞ እየመጣ አዲሱን ክዳን ይመታ ነበር። ወፍራም ነው፤ ድምፅ የለውም። አንድ ቀን «ብይዛት ኖሮ» ሲል ሰማሁት፤ የዚያ መልስ ያንቺ ነው። ለሙት ዓመቷ ስትመጪ ሆቴል አትያዢ። እሱ ቤት እረፊ።

መልስ ስትጽፊልኝ በሱቁ አድራሻ አትላኪው። አሁን ያለሁት ፉሪ፣ እህቴ ግቢ ውስጥ ነው። ፈቃዴን አላደሱልኝም፤ ዕቃውን በተገኘው ዋጋ ሰጠሁት፤ አንድ ላሜራ ብቻ አስቀርቻለሁ። እዚህም በራፉ ላይ ያልተከደነ ጉድጓድ አለ።

የእማማ ገዲሴን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። ልጆችሽን ያሳድግልሽ። አንቺንና ዱጉማን ደግሞ ከሌላ የለቅሶ ድንኳን በፊት አንድ ገበታ ያገናኛችሁ።

የልጅነት ጓደኛሽ