ምንጩን ከበን የተቀመጥን ቀን

ለምወድሽ ልጄ ለሬሲያቶ፣

ከተማው እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፤ ላሞቹም ጥጆቹም ደህና ናቸው፤ የከበደን ናፍቆትሽ ብቻ ነው።

የሰማሽው እውነት ነው። የአደን ኩባንያው ሰዎች ምንጩን ለቱሪስቶቻቸው ሊያጥሩት ችካል ጭነው መጡ። እኛ ሴቶቹ ግን ቀድመን ዙሪያውን ተቀምጠን ጠበቅናቸው። አለቃቸው «ባሎቻችሁን ጥሩልኝ!» ብሎ ጮኸ። አክስትሽ ሲማንቶይ «ባሎቻችን ከብት ይዘው ርቀዋል። ደክሞህ ከሆነ ግን ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ» ስትለው የገዛ ሰዎቹ ሳቁበት። እስኪመሽ አልተነሳንም፤ ችካላቸውን እንደጫኑ ተመለሱ። አንቺ በሬዲዮ «መሬቱ የእናቶቻችንም ነው» ያልሽውን ሴቶቹ ሲዘፍኑት ዋሉ። እንዴት እንደኮራሁብሽ!

በማግስቱ ሁለት እንግዶች በመኪና መጡ። ትሑቶች ናቸው፤ ወተትም ጠጡልኝ። ያንቺን ነገር አጥብቀው ጠየቁኝ፤ የት እንደምታድሪ፣ ለወንድምሽ ሠርግ ትመጪ እንደሆነ። «ባል አግብታ ባሕር ተሻግራለች» አልኳቸው። መልክሽን ሲጠይቁኝ ደግሞ «አጭር ናት፣ ትንሽም ሸውራራ ናት» አልኩ። የእኔ ቀጭኔ፣ ይቅር በይኝ!

ለሠርጉ ብለሽ አትድከሚ፤ ሠርግ ሁሉ አንድ ነው። የሠራሁልሽን የዶቃ ጌጥ እኔው ይዤልሽ እመጣለሁ። አውቶቡስ ተሳፍሬ ባላውቅም ሲማንቶይ ታሳፍረኛለች። እስከዚያ ከጓደኞችሽ ጋር እደሪ፤ ብቻሽን ማደር ደስ አይልም።

አምላክ ከብቱም ሳይጎድል፣ አንቺም ሳትጎድዪብኝ ያገናኘን።

እናትሽ ኖንጊፓ