ሽማግሌዎቹ የመጡበት ውድድር

ሰኞ፣ የካቲት 3

ፋርማሲው ጭር ብሎ ዋለ። ከሥራ ስወጣ ዘሩባቤል ቤት ጎራ አልኩ። እህቱ ስላለች ማንም ምንም አይልም። እሱ ኮምፒውተሩ ፊት መሪ ጨብጦ ተቀምጧል። ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር የጌም መሪ። እግሩ ሥር ፍሬንና ቤንዚን መስጫ አለ። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል... ምን አደከመው? ተቀምጦ እኮ ነው።

ሰላም ስለው "ጎማው ገና አልሞቀም" አለኝ።

ላገባው ያሰብኩት ሰው ይሄ ነው?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ዛሬ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። እኔ የማውቀው የመኪና ጌም ግድግዳ መትቶ፣ ተገልብጦ፣ ተነስቶ መቀጠል ነው። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም አለ። ነዳጅ ያልቃል። ጎማ ይበላል። ፍሬን ይግላል። ዝናብ ይጥላል። ከተጋጩ ደግሞ ተሰብሮ መቅረት ነው። ውድድሩም የጽናት ነው... ስድስት ሰዓት ሙሉ፣ ሾፌር እየተቀያየረ፣ ከየአገሩ ሰው ጋር በኢንተርኔት።

"ይሄን ያህል እውነት ከሆነ እውነተኛውን መኪና መንዳት አይሻልም?" አልኩት።

መንጃ ፈቃድ የለውም። እኔም የለኝም።

አብሮት የሚነዳው ሚልክያስ ደግሞ የባሰበት ነው። አረካ ከተማ ሞባይል ይጠግናል። የእውነተኛ ውድድር መኪና ውስጥ ይሞቃል ብሎ ጃኬት ለብሶ ነው የሚጫወተው። በዚህ በየካቲት ሙቀት! እናቱ ወባ ይዞት ነው ብላ ሐኪም ቤት ልትወስደው ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 9

ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ የዘሩባቤል ሽማግሌዎች የፊታችን ቅዳሜ እኛ ቤት ይመጣሉ። አባዬ ካሁኑ ፊቱ ጠቁሯል። ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነው። ዘሩባቤልን "ያ ስክሪን ላይ ያፈጠጠው ልጅ" ነው የሚለው።

ሁለተኛ፣ ውድድሩም ቅዳሜ ነው።

ስሰማ ደሜ ፈላ። እሱ ግን ተረጋግቶ "ሽማግሌ ሲላክ እኔ አልሄድ። ቤት ቁጭ ብዬ ምን እሠራለሁ?" አለኝ። እውነቱን ነው... እውነት መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ደንቡ ሦስት ሾፌር ይላል። ስለዚህ ሦስተኛዋ እኔ ሆንኩ። ስምሽ ብቻ ነው የሚያስፈልገው አለኝ፤ ቢሆንም ተለማመድኩ። መጀመሪያ ግድግዳ መታሁ። ቀጥሎም ያንኑ ግድግዳ። ከዚያ ቀስ ብዬ ስነዳ ምንም አልሆንኩም። ሚልክያስ በስልክ "ጥሩ ነሽ፣ ግን ኩርባ ላይ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለሚ ነው የምትመስዪው" አለኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ነገ ነው። ማን ይበልጥ እንደጨነቀው እንጃ... እኔ በአባዬ፣ እሱ በጎማው።

እሑድ፣ የካቲት 16

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ሽማግሌዎቹ ጠዋት መጡ። ሦስት ናቸው። የሚመሯቸው የዘሩባቤል አጎት ጋሽ ይድነቃቸው። እኔና እማዬ ጓዳ ሆነን ጆሯችንን በሩ ላይ ለጥፈናል። አባዬ በትሕትና አስተናገደ። ከዚያ በዚያው ትሕትና፣ ነገሩን እናስብበት፣ ከሦስት ወር በኋላ ብቅ በሉ አላቸው። እማዬ እጄን ያዘች። አለቀ አልኩ...

ሊነሱ ሲሉ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ዘሩባቤል ገባ! ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ መሪውን ብብቱ ሥር ይዞ። ጋሽ ይድነቃቸው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ በእሱ ሰፈር መብራት ጠፍቷል። ሚልክያስ ጠዋት ለቀብር ቦምቤ ሄዶ ሲመለስ የተሳፈረባት ሚኒባስ ተበላሽታ መንገድ ላይ ቀርቷል። እውነተኛዋ መኪና መሆኗ ነው። በዚህ ሰዓት መብራት ያለው ወደ እኛ ሰፈር ብቻ ነው። ይሄን ሁሉ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ለአባዬ አስረዳ።

"ጨዋታ ነው?" አለ አባዬ።

"አዎ፣ አባባ።"

"ነገ አትጀምረውም ታዲያ?"

"አይቻልም። ሌሎቹ አሁንም እየነዱ ነው። የእኛ ተጎትታ ጥገና ገብታ ቆማለች። ካልደረስንላት እዚያው ትቀራለች... ልክ እንደ እውነቱ ነው።"

አባዬ በጋቢ የተጠቀለለውን ኮምፒውተር አየ። ከዚያ "ሶኬቱ ከሶፋው ጀርባ ነው" አለው።

ኢንተርኔቱን ከስልኩ አገናኝቶ ነዳ። ሽማግሌዎቹ ሄዱ? አልሄዱም። ትንሽ እንይ ብለው ተቀመጡ። እማዬ ለስንብት ያሰበችውን ምግብ ለምሳ አደረገችው።

ብዙም ሳይቆይ የዘሩባቤል ድርሻ አለቀ። አንድ ሾፌር ከተወሰነለት በላይ ከነዳ ቡድኑ ይባረራል። አባዬ ሦስተኛው ሾፌር ማን እንደሆነ ጠየቀ። ዘሩባቤል ዞሮ የጓዳውን በር አየ። ሁሉም የጓዳውን በር አዩ።

እማዬ ቀሚሴን ያዘች። አስለቅቄ ወጣሁ። ጫማዬን አውልቄ፣ በሐበሻ ቀሚስ፣ ልጠየቅ በተቀመጥኩበት ቀን፣ በጠያቂዎቼ ፊት መሪ ጨበጥኩ።

ውድድሩ ላይ ከእኛ በጣም የሚፈጥኑ ሌላ ዓይነት መኪኖችም አሉ። አንዱ ከኋላ መጥቶ መብራት ያብለጨልጭብኝ ጀመር። አባዬ ተቆጣ። "ምን አድርገነው ነው?"

አሳልፉኝ ማለቱ እንደሆነ ዘሩባቤል ነገረው።

"እንግዲያው አሳልፊው ማክዳ። ምን ያጋፋል?"

አሳለፍኩት። ጋሽ ይድነቃቸው "በሰላም ግባ" አሉት። ከዚያ በኋላ ያለፈን ሁሉ እየተመረቀ ነው ያለፈው። ማን እንደሚያሸንፍ ረስተው ማን እንደሚያልፍ ይጠባበቁ ጀመር።

ድንገት መስታወቱ ላይ ጠብ... ጠብ... "ዝናብ መጣ!" አለ ዘሩባቤል። እማዬ ልብስ ልታስገባ ወደ ጓሮ ሮጠች። የታጠበውን ሁሉ ታቅፋ ስትመለስ ደጁ ፀሐይ ነበር። ማንም ደፍሮ አልሳቀም። እሷም ልብሱን እንደታቀፈች ተቀምጣ ማየት ጀመረች።

መንገዱ ሲርስ የፈጠኑት ሁሉ ይንሸራተቱ ጀመር። አንዱ ሣር ውስጥ ገባ። ሌላው አጥር ላይ። አባዬ በዚህ ጎማ አትሄጂም፣ ግቢና ቀይሪ አለኝ። በልጅነቴ ስለ ትምህርት ቤት ጫማዬ እንደሚናገረው ነው የተናገረው። ገባሁ፣ የዝናብ ጎማ ተቀየረልኝ። ከዚያ በለመድኩት አነዳድ፣ ቀስ...

የመጨረሻው ዙር ላይ ሁሉም ቆመው ነበር። ከኋላ ሁለተኛ ሆነን ጨረስን! ብዙዎቹ ግን አልጨረሱም። ጋሽ ይድነቃቸው ጸሎት አደረጉ።

ስንረጋጋ አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። እማዬን በወላይትኛ የሆነ ነገር ጠየቃት፣ ሚስጥር መሆኑ ነው... ክፍሉ ውስጥ ወላይትኛ የማይሰማ ሰው የለም። ልጁን እንዴት አየሽው ነው ያላት። እሷም ልብሱን እንደታቀፈች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "ልጃችሁ የቆመች መኪና ጥሎ አልሄደም። ተሸክሟት መጣ። ልጄንም መንገድ ላይ አይጥላትም... ይሆናል። ሦስት ወር ያልኩትን ትቼዋለሁ። ሰጥቻለሁ።"

"ይሆናል" ያላትን ዘሩባቤል አልሰማትም። ያለቅስ ነበር። እኔስ? መሪውን ገና አልለቀቅኩም ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ዘሩባቤል እኛ ቤት የቀረውን ኮምፒውተሩን ሊወስድ መጣ። ሦስተኛ ጊዜው ነው። አባዬ ዛሬም "ምን አስቸኮለህ?" ብሎ ምሳ ጋበዘው። ባዶ እጁን ተመለሰ።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንዱ ባጃጅ ኩርባው ላይ በፍጥነት ገባ። አባዬ ቆሞ አየውና "ፍሬኑን አግሎታል" አለ። እማዬ ዞራ አየችኝ። እኔ የዳሞታን ተራራ ማየት ጀመርኩ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ሽማግሌዎቹ የሰርጉን ቀን ለመቁረጥ መጡ። ግንቦት 2 አሉ። አዳራሹ ክፍት ነው፣ ፓስተሩ ይመቸዋል፣ የዘሩባቤል ዘመዶች ከሁምቦ ይደርሳሉ። ሁሉም ተስማማ። አባዬ ብቻ "አይሆንም" አለ።

እማዬ ደነገጠች። እኔ የጓዳውን በር ገፋ አድርጌ አየሁ። ሐሳቡን ቀየረ? ጋሽ ይድነቃቸው ቀስ ብለው፣ ያስቀየምንህ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁት።

አባዬ ምንም ቅያሜ እንደሌለው፣ ልጁንም እንደሚወደው ተናገረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ግንቦት 2 ግን እነዳለሁ" አለ።

ዘሩባቤልና ሚልክያስ ያውቁ ነበር። ለእኔ ማንም አልነገረኝም። ሰርጉ ለግንቦት 9 ተቆረጠ። እኔ ከቡድኑ ወጥቻለሁ... ቀርፋፋ ናት ብሎ ያስወጣኝ አባዬ ነው።