«ይለመዳል» ላሉኝ ክቡር ሰብሳቢ፦ ስለ ጆሮዬና ስለ አዳራሽዎ ማራገቢያ

ለክቡር የጤና ምርምር ድጋፍ ቦርድ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ራስዎ፣ ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሁለቱ ጆሮዎችዎ ሰላም ይሁኑልኝ። ጆሮዎችዎን ነጥዬ መጥራቴ ድፍረት አይደለም፤ ስንቱ ሕመምተኛ ወደ እነሱ ለመግባት ተሰልፎ በሚጠብቅበት ሰዓት፣ እኔ በሩን ሰላም ሳልል ባልፍ ነውር ይሆንብኛል ብዬ ነው። እኔ፣ ክብር ይግባዎና፣ ደህና ነኝ። ቀኝ ጆሮዬ ደግሞ ከእኔም በላይ ደህና ነው፤ ቀን ከሌት ያፏጫል።

ማንነቴን ባጭሩ ላስታውስዎ። ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ በመድኃኒት ቤቱና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል፣ ከደረጃው ሥር ያለችው፣ ሁለት ደንበኛ ከገባባት አንደኛው ትንፋሹን ውጦ መቆም የሚገባው ጠባብ ክፍል ናት። የእኔ ሥራ በዓይን ብቻ የሚሠራ አይደለም። ክዳኑን ከገጠምኩ በኋላ ሰዓቱን ጆሮዬ ሥር ይዤ አዳምጠዋለሁ፤ የሚያነክስ ሰዓት በእርምጃው ድምፅ ይታወቃልና። እንዲህ ሆኜ በሰላም ስኖር፣ አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ አንድ የሚያፏጭ ተከራይ ገብቶ አገኘሁ። ኪራይ አይከፍልም፣ ውጣ ቢሉት አይወጣም፣ የሚያውቀውም ዜማ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አይጨርሰውም። የሚኖረው በቀኜ ቢሆንም ግራ ጆሮዬን እንደ ጓሮ ይጠቀምበታል።

እንደ ማንኛውም ጀማሪ መጀመሪያ የፈለግሁት ከውጭ ነበር። ጥፋተኛ ያደረግሁት የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊዋን ፍሪጅ ነው። ሴትዮዋ ጨዋ ስለሆኑ ሳይከራከሩ ነቀሉት። ወተታቸው ተበላሸ፤ ፉጨቱ ግን ትኩስ እንደሆነ ቀረ። ሚስቴ ሌላ ወተት ገዝታ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትሄድ እኔ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ነበር። ከዚያ ወደ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪው ወደ ውኃ ቧንቧው ዞርኩ። አማቴ በበኩላቸው፣ ጆሮ የሚጮኸው ሰው ሲያማ ነው የሚለውን የቆየ አባባል አንሥተው ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ አንተን ያለ ዕረፍት የሚያማ ሥራ ፈት ከየት ይገኛል ብለው ራሳቸው ውድቅ አደረጉት። የቦርድዎን መኖር ገና አልሰሙም ነበር።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው ሱቄ ውስጥ ነው። ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ማሰሪያው እንዲያጥርላቸው ብቻ ሰዓታቸውን አመጡልኝ። እኔም ከልማዴ ጆሮዬ ሥር አድርጌ ባዳምጥ የሰማሁት ተከራዬን ብቻ ስለሆነ፣ በሐዘን ድምፅ ሰዓትዎ ቆሟል አልኳቸውና ልከፍተው መፍቻዬን አነሣሁ። ሰውየው የሰከንዱን ቆጣሪ በጣታቸው እያሳዩ፣ «ታዲያ ይሄ፣ ልጄ፣ ወዴት እየሄደ ነው?» አሉኝ። ሰዓት መጠገን ትቼ ጤነኛ ሰዓት የማርድ ሰው ሆንኩ፤ ትንንሾቹን የሴት ሰዓቶችማ ጨርሶ መቀበል አቆምኩ።

በዚህ መሀል ነው እርስዎ በቸርነትዎ የፈቀዱት የጆሮ ጩኸት ጥናት የተጀመረው፤ እኔም እንደ እኔው ጆሮው ከሚጮኽበት አንድ ዳቦ ጋጋሪ ጋር ተመዘገብኩ። የጆሮ ሐኪሟ ክፍል ሆስፒታሉ ውስጥ ከራጅ ክፍሉ አልፎ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ጆሮ ላይ ማዳመጫ ተደርጎ ረጋ ያለ ድምፅ ይሰማል፣ ምላስ ላይ ደግሞ ትንሽ ብረት ተቀምጦ ስስ ንዝረት ይሰጣል፤ ሐሳቡ አእምሮን ከፉጨቱ ላይ ጥቂት በጥቂት ማዘናጋት ነው። መሣሪያውን ለልምምድ ወደ ቤት ስለምወስደው፣ ምላሴ ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ቤታችን ላይ የሚወርደውን ሰላም ያየች ሚስቴ ጥናቱ እስከ ዕድሜ ልኬ እንዲራዘም ትለምን ነበር። ዶክተሯ ግን ምንም ተስፋ አልሸጡልኝም። ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለአንዳንዱ አይሠራም፣ ለማን እንደሚሠራና ለምን እንደሚሠራ ስለማላውቅ ነው የማጠናው አሉኝ። አላውቅም የሚል ሐኪም ሳይ የመጀመሪያዬ ስለነበር ያን ቀን በደስታ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ሰዓቷን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። አልቀበልም ልል ስል እጄ ቀደመኝና ጆሮዬ ሥር አደረግሁት። ተከራዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ከሱ ሥር፣ ከሩቅ፣ ሰዓቱ ሲራመድ ሰማሁ። ያነክሳል። ሲያነክስ ሰማሁት፣ ክቡር ሰብሳቢ። ልጅቷ ዓይኔ እንባ ሲያቀር አይታ፣ ይህን ያህል የከፋ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ጥናቱ ከመንገዱ ግማሽ ሳይደርስ እንዲቋረጥ የወሰኑበት ደብዳቤ የደረሰን ከዚህ በኋላ ነው። ዶክተሯ መሣሪያዎቹን እየሰበሰቡ ወደ ካርቶናቸው መልሰዋል፤ ክፍሉም ወሩ ሲያልቅ የተሰበሩ ወንበሮች ማስቀመጫ እንደሚሆን ተነግሯቸዋል። ተከራዬም ወሬው እንደ ደረሰው ድምፁን መልሶ ከፍ አድርጓል። ይህን ስል እየከሰስኩ እንዳይመስልዎ፤ ለማመስገን ነው የጻፍኩት። ምስጋናዬንም እንዳይምታታብዎ በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

፩ኛ. በደብዳቤዎ ላይ «የጆሮ ጩኸት ሰው አይገድልም» ስላሉ አመሰግናለሁ። እስከ ዛሬ ባለመሞታችን በቦርዱ ሥራ ላይ ለፈጠርነው መስተጓጎል በሕመምተኞቹ ሁሉ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከመካከላችን ፈቃደኛ የሚሆን ሰው ፈልገን ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪው ሊጡ እንዳይኮመጥጥበት ሰግቶ፣ እኔም ያልደረሰ ሰዓት በእጄ ስላለ ሳንስማማ ቀረን።

፪ኛ. «በሌላ ሰው ሊሰማ ያልቻለ ድምፅ መኖሩ ስላልተረጋገጠ» ስላሉም ከልቤ አመሰግናለሁ። ቃሉን አክብሬ ማስረጃ ልሰበስብ ሞክሬአለሁ። ሚስቴ ጆሮዋን ከጆሮዬ ላይ ገጥማ ጥቂት ካዳመጠች በኋላ ባዶ ቤት ነው አለችኝ። ይህም ስለ ጠቅላላው ጭንቅላቴ የተሰጠ ፍርድ ነው እንጂ ለጉዳያችን አልጠቀመም። በነገራችን ላይ የጥርስ ሕመምንም ጎረቤት አይካፈለውም፤ ሆኖም እስከ አሁን የጥርስ ሐኪሞችን የሕልም ፈቺዎች ማኅበር ያላቸው ሰው አልሰማሁም።

፫ኛ. ይህኛው ከሁሉ ይጣፍጣል። እኔና ዳቦ ጋጋሪው አዳራሽዎ ድረስ ለምነን በገባን ጊዜ፣ ዳቦ ጋጋሪው የምድጃው ማንቂያ ደወል ጆሮው ውስጥ ካለው ደወል ጋር እየተምታታበት ስንት ጊዜ ዳቦ ሊጥ ሆኖ እንዳወጣ፣ ስንት ጊዜ ከሰል ሆኖ እንደጠበቀው ሲያስረዳዎ፣ እርስዎ አባታዊ በሆነ ፈገግታ፣ «ይለመዳል» አሉን። አንዲት ቃል። ከዚያ ዓይንዎ ወደ ጣሪያው ሄደ፤ ፊትዎ ቅጭም አለ፤ ይህ ማራገቢያ ግን ለምንድነው እንዲህ የሚያፏጨው ብለው ጸሐፊዎን ጠየቁ። እኔና ዳቦ ጋጋሪው ተያየን። እኛ የየራሳችንን ፉጨት ስለምንሰማ የማራገቢያዎን ልንሰማ አልቻልንም፤ ስለዚህ በትሕትና እጅ ነሥተን ወጣን።

፬ኛ ላይ ምስጋናዬ ስላለቀ ወደ ማራገቢያው ልለፍ።

ባለቤቴ ወንድም አላት፤ በቀላሉ ስለሚቃጠል ቤተሰቡ «ፊውዝ» ይለዋል፤ የሕንፃዎ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እሱ ነው። ቦርዱ የማራገቢያውን ጉዳይ አጣዳፊ ብሎ ሲወስን መሰላል ይዞ የወጣው እሱ ነበር። የእኛ ጥናት ደብዳቤ ከክፍል ወደ ክፍል ለመሄድ የወሰደበት ጊዜ ገርሞኝ ነበርና፣ ማራገቢያው በዚያው ቀን መውረዱን ስሰማ በአገልግሎቱ ፍጥነት ኮርቻለሁ። ማራገቢያው ወረደ፤ ፉጨቱ ግን አልቆመም። የአዳራሹ መብራት ነው ተብሎ አምፖሎቹ ሁሉ ተለወጡ። በመስኮቱ በኩል ያለው ዛፍ ላይ ነፍሳት አሉ ተብሎ ቅርንጫፉ ተቆረጠ። ከዚያ ተጠርጣሪው የግድግዳው ሰዓት ሆነና ሰዓቱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ «ድምፁን አጥፋ» ከሚል ትእዛዝ ጋር የት እንደ መጣ ይገምቱ። ከደረጃው ሥር፣ ወደ እኔ።

በራሴ ጆሮ መፍረድ ስለማልችል ዳኞች ሰበሰብኩ። ሚስቴ አዳመጠች፤ አማቴ አዳመጡ፤ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ በምሳ ሰዓቷ መጥታ አዳመጠች። ሰዓትዎ በደንብ እንዳደገ ልጅ ተራውን ጠብቆ ይናገራል እንጂ አያፏጭም አሉ። ጤነኛ ሰዓት ማረዴን ትቻለሁና ሳልከፍተው አቧራውን ጠርጌ መልሼ ልኬዋለሁ።

ቀጥሎ የሆነውን ፊውዝ ቤት መጥቶ ሲነግረን አማቴ ከሳቅ ብዛት ወገባቸውን ያዙ። እርስዎ ቦርዱን ሰብስበው የሕንፃው መብራት በሙሉ እንዲጠፋ አዘዙ። ፊውዝ ዋናውን ማጥፊያ አወረደ። አሳንሰሩ ገንዘብ ያዡን እንደያዘ በፎቆቹ መካከል ቆመ። ኮምፒውተሩ፣ ፍሪጁ፣ የፎቶ ኮፒው ማሽን፣ ሁሉም ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ እርስዎ አንድ ጣትዎን አንሥተው፣ «አሁንም አለ» አሉ።

የቦርዱ አባላት ምን እንዳሉ ያስታውሱ ይሆን? አንደኛው እኔም ይሰማኛል አሉ። ሌላኛዋ ከግራ በኩል ነው የሚመጣው አሉ። ሦስተኛው፣ ጉዳዩን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሊያነሡት ፈልገው በአክብሮት እንደ ታገሡ ተናገሩ። ፊውዝም ተጠየቀ፤ የሚያሳድጋቸው ልጆች ስላሉት እሱም ሰማ። ገንዘብ ያዡ ብቻ ከአሳንሰሩ ውስጥ ሆነው ምንም አልሰማሁም፣ አውጡኝ ብለው ጮኹ፤ ግን ድምፅ የመስጠት መብት የላቸውም።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ከዚህ በኋላ የቀረ ክርክር ያለ አይመስለኝም። በሌላ ሰው ሊረጋገጥ የማይችል ድምፅ የለም ያለው ቦርድ፣ ማራገቢያ በሌለበት፣ መብራት በጠፋበት፣ ሰዓት በወረደበት አዳራሽ ውስጥ የሚያፏጭ ነገር መኖሩን በሙሉ ድምፅ አረጋግጧል። ስለሆነም ፪ኛውን ምክንያት ራስዎ ስለሻሩልን፣ የእኛን የልጅነት ልመና በዚሁ ላይ ልጨምር። ያ ክፍል በተሰበሩ ወንበሮች ሳይሞላ ጥናቱ ካቆመበት ይቀጥል፣ እስከ መጨረሻውም ይሂድ። ከሠራ ለማን እንደሚሠራ ይታወቅ። ካልሠራም አለመሥራቱ ይታወቅና ዶክተሯ ወደ ሌላ መንገድ ይለፉ፤ ሌላውም እንቢ ካለ ወደ ሌላ። እኔ ተከራዬ ዛሬ ይውጣልኝ አላልኩም። ሰዓት በማዳምጥበት ሰዓት ትንሽ ዝቅ ይበልልኝ፣ ይህንንም የሚፈልግልን ሰው አይባረርብን ነው ያልኩት።

ጊዜዎን ስለ ወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የአዳራሽዎ ጸጥታ፣ የወንበርዎ ምቾት፣ የአባላትዎም የመስማት ችሎታ ከቀን ወደ ቀን እንዲጨምር እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በማያቋርጥ ፉጨት ታጅቤ እሰናበታለሁ።

የቦርድዎ ትሑት አድናቂ፣
ከደረጃው ሥር ያለው ሰዓት ጠጋኝ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላልና፣ አንድ ነገር በወንድምነት ልምከርዎ። ማራገቢያውን መልሰው ያሰቅሉት፤ ምንም አላጠፋም። ከዚያ ሁሉንም ያስወጡና ብቻዎን ተቀምጠው ሁለቱን ጆሮዎችዎን በመዳፍዎ ጥብቅ አድርገው ይያዙ። ፉጨቱ ከጠፋ፣ ይህን ደብዳቤ እንዳልጻፍኩ ይቁጠሩልኝ። ብሶበት ከተሰማ ግን አይደንግጡ፤ ከዶክተሯ ክፍል በር ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር እኔና ዳቦ ጋጋሪው ጠጋ ብለን አስፍተንልዎታል። ክፍሉ የመጋዘን ቁልፍ ገብቶለት ካገኙት ደግሞ ለሱም ቢሆን መድኃኒቱን ራስዎ አዝዘውልናል፤ ይለመዳል።