ስለ እታለም ዓሦች መሰወር

ውድ እታለም፣

ይህን የምጽፍልሽ አንቺ ከገባሽበት በር ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ላይ ከተደረደሩት የብረት ወንበሮች በአንዱ ተቀምጬ ነው። ልብሽን ከፍተው እስኪጠግኑት እጄ ሥራ ስለ ፈታ እስክሪብቶ አስያዝኩት። እማዬ አጠገቤ አለች። ነጭ የለበሰ ባየች ቁጥር ብድግ ትላለች፤ ቅድም ወለል የሚወለውለውን ሰውዬ «ዶክተር፣ ልጄ እንዴት ናት?» አለችው። «ደህና ናት እናቴ፤ እግርዎን ብቻ ትንሽ ያንሱልኝ» አላት።

ሳትገቢ ልነግርሽ የሚገባ፣ ግን ያልደረሰልሽ ወሬ አለ። ዓሦችሽ ጠፍተው ነበር። አትደንግጪ፣ «ነበር» ብያለሁ።

«ኩህሊ ይባላሉ፤ ዓሣ ናቸው» እያልሽ ብትምዪም፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለበት ለብሶ በመስታወት ገንዳሽ አሸዋ ውስጥ የሚሹለከለክ ቀጭን ፍጡር ለእኔ ዓሣ የሆነው አንቺን ላለማስከፋት ብቻ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እኔ እባብ ሳላይ በልጥ የምበረግግ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሆስፒታል ልትተኚ ስትሄጂ «አደራ፣ የምታበላቸው አንተ ነህ» ስትዪኝ እሺ ያልኩት ከእነሱ ይልቅ አንቺን ስለምፈራ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ተከባብረን ኖርን። ምግባቸውን ጣል አድርጌ ወደ ኋላዬ እሸሻለሁ፤ እነሱም ገንዳው ውስጥ ካለው እንጨት ሥር ብቅ ብለው፣ ያቺን አጭር ጢማቸውን እያንቀሳቀሱ ይለቅማሉ። አንድ ቀን ግን ምግቡ አሸዋው ላይ እንደ ወደቀ ቀረ። በማግስቱም እንደዚያው። እንጨቱን በማማሰያ ገፋ ባደርገው ሥሩ ባዶ ነው።

«ወጥተዋል» አለች እማዬ።

«የት ይወጣሉ?»

«እባብ የት ይወጣል? ቤት ውስጥ ነዋ!»

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የጦር ግንባር ሆነ። ጫማ ሳይራገፍ አይጠለቅም፣ ብርድ ልብስ ሳይፈተሽ አይለበስም። ሱቅ ውስጥ እንኳ አንገቴ ላይ ያለው ሜትር ደረቴ ላይ ቢንሸራተት፣ የደንበኛዬን ሱሪ ከነመርፌው ወርውሬ ወንበር ላይ ወጣሁ። ደንበኛዬ የባንክ ጥበቃ ነው። ምን እንደ መጣ እንኳ ሳይጠይቅ አጠገቤ ወጣ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን አንቺ ስትደውዪ ነበር። «እንዴት ናቸው?» ትያለሽ። «ተደብቀዋል» እላለሁ። ስልኩ ሲዘጋ እማዬ «እንዳትነግራት! ያ ልብ ይህን አይችልም» ትላለች፤ ሐኪሙም እንዳናስደነግጥሽ አስጠንቅቆናል። ትናንት ደግሞ «ሳልገባ ልያቸው፤ ካሜራውን አዙርልኝ» አልሽ። «ኔትወርክ የለም» አልኩሽ፣ በዚያው ኔትወርክ እየተነጋገርን። ከዚያ «ሞተዋል አይደል?» አልሽ። መልስም አልጠበቅሽም። «እንግዲህ ይሁን» ብለሽ ዘጋሽው፣ ሻንጣውን ቆልፎ እንደ ጨረሰ ሰው በተረጋጋ ድምፅ። እታለም፣ ከዚያ ድምፅ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

እማዬን አስከትዬ ወደ ዓሣ ሻጩ በረርኩ።

«የውሃ ማጣሪያው ቧንቧ አፍ ላይ ስፖንጅ አለ?» አለኝ።

«የምን ስፖንጅ?»

«ያ የሻገተው?» አለች እማዬ። «እኔ ነኝ የጣልኩት! የዕቃ ማጠቢያ መስሎኝ። ዓሣ በስፖንጅ ምን ይሠራል?»

ሻጩ ግንባሩን ያዘ። «እማማ፣ እነዚህ ቀዳዳ ካገኙ መግባት ነው። በቧንቧው ተስበው ማጣሪያው ሣጥን ውስጥ ይሆናሉ።» ወደ እኔ ዞረ፤ «በመረብ እንዳትሞክር፤ ከዓይናቸው ሥር ያለችው እሾህ ትጠላለፋለች። በእጅህ።»

በእጄ!

ማጣሪያውን ከመብራቱ ነቅዬ ክዳኑን ከፈትኩ። ውሃው እንደ ጭቃ ጠቁሯል፣ ምንም አይታይም። እማዬ ባትሪ እያበራች «ክተት እንጂ! የተጠየቅኸው እጅህን ነው፣ አንገትህን አይደለም!» ትላለች። ከተትኩ። አንድ ነገር ጣቴ ላይ ተጠመጠመ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ፤ እጄን ግን አላወጣሁትም። ለስላሳ ነው፤ ይንቀሳቀሳል። በሕይወት አለ! እየጮህኩ፣ እማዬም እየሰደበችኝ፣ ሁሉንም በመዳፌ እያቀፍኩ ወደ አሸዋቸው መለስኳቸው። ከስተዋል እንጂ ምንም አልሆኑም።

ወዲያው ደወልኩልሽ፤ ስልክሽ ተዘግቷል። ጠዋት ስንደርስ ደግሞ አስገብተውሻል። ሞተዋል ብለሽ፣ «እንግዲህ ይሁን» ብለሽ ነው የገባሽው። እኔን አሁን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው። ሐኪሞቹ ስለ ደምና ስለ እስትንፋስ ብዙ ጠየቁን፤ ታማሚዋ በምን ሐሳብ ነው የምትተኛው ብሎ የጠየቀን ግን የለም።

በሩ ተከፈተ። ነርሷ ናት።

«አልቋል» አለች። «ገና አልነቃችም። አንድ ሰው ለአፍታ ገብቶ ሊያያት ይችላል።»

እማዬ ትቀድመኛለች ብዬ እግሬን ሰበሰብኩላት። አልተነሳችም። የኮቴን እጅጌ ጨምድዳ ይዛ «አንተ ግባ ልጄ» አለችኝ። «እኔ እፈራለሁ።»

ስለዚህ ወረቀቱን ለእሷ አስይዤ እኔ መግባቴ ነው። ተኝተሽም ቢሆን ደህና መሆናቸውን በጆሮሽ እነግርሻለሁ፤ ጎትተው እስኪያስወጡኝ ድረስ እደጋግመዋለሁ።

መጣሁ፣
ፈሪው ወንድምሽ