በ«ደ» የሚጀምር ቃል

ጥቅምት 4
ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ልጄ ከስፌት ፋብሪካው ክንዷ ላይ ጥጥ ለጥፋ ገባች። አጥኚዎች መጥተው የሠራተኞቹን ደም ቀድተዋል።
«ስንት ብልቃጥ መሰለሽ እማዬ! ትንኝ እንኳ ይሉኝታ አላት።» አሳቀችኝ።
ደም ግፊት ገና ሳይጀምር ምልክቱ በደም ውስጥ ይታይ እንደሆነ ነው የሚያጠኑት። በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ነገሮች... ሞለኪውል ይሏቸዋል። ሁለቴ አስደገምኳት።
ከዚያ አጥኚዎቹ የሰጧትን ቅጽ አወጣች። «አባዬ ደም ግፊት ነበረበት እንዴ?»
«ኧረ አልነበረበትም። ድንገት ነው ያረፈው።»
«የለም» ብላ ጻፈች። ሳህን ማጠብ ጀመርኩ... የታጠበውን ሳህን።

ጥቅምት 5
ለምን ዋሸሁ?

ጥቅምት 9
እዚህ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ባለቤቴ የሚሠራበት እንጨት ቤት ሐኪም መጥቶ ሠራተኛውን ሁሉ መርምሮ ነበር። ባሌ ወረቀት ይዞ ቤት ገባ። እሱ ፊደል አልቆጠረም። እኔ ደግሞ ገና ሳያገባኝ «አነባለሁ» ብዬ ጉራዬን ነዝቼበታለሁ። የማውቀው አራት አምስት ፊደል ብቻ።
«በይ እስቲ አስተማሪዋ፣ ምን ይላል?»
መጀመሪያው ላይ «ደ» አየሁ። «ደህና ነህ ይላል» አልኩት።
ሳቀ። «ብረት ነኝ አላልኩሽም!» አጥፎ ኪሱ ከተተው።
በአምስተኛው ወር መጋዙ አጠገብ ወደቀ።
ማንበብ የተማርኩት ከቀብሩ በኋላ ነው። ብቻዬን፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ። ከኪሱ ያገኘሁትን ያንን ወረቀት ያነበብኩት ያኔ ነው። «ደም ግፊት። ቶሎ ሐኪም ቤት ይምጣ።»

ጥቅምት 26
የልጄ ውጤት መጣ። ከምልክቶቹ አንዱ ከፍ ብሏል። የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ግን «ምልክቱ ብቻውን አይፈርድም፤ ከቤተሰብ ታሪክ ጋር ነው የምናየው። ቤተሰብሽ ውስጥ ስለሌለ ክትትል ውስጥ አትገቢም» ብላታለች።
«ተገላገልኩ!» እያለች ቤቱን ትዞራለች።
እሱን «ደህና ነህ» አልኩት። አሁን ደግሞ እሷን...

ጥቅምት 27
ነገርኳት። ወረቀቱንም ከሣጥኔ አውጥቼ ሰጠኋት። ብዙ ጊዜ አየችው።
«አላውቅም ማለት አቅቶሽ ነው?»
«አፈርኩ።»
«እኔንስ ለምን ዋሸሽኝ? ያኔ ልጅ ነበርሽ እንበል... ዘንድሮስ?»
ክፍሏ ገብታ ዘጋች።

ጥቅምት 30
ቁርስ ሳትቀምስ ትወጣለች። አታናግረኝም። እውነቷን ነው።

ኅዳር 3
ጠዋት «ነይ» ብቻ አለችኝ። የፋብሪካው ክሊኒክ ሄድን። ነርሷ ቅጹን ስታወጣ ልጄ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋችው።
«አንቺው አስተካክዪው።»
«የለም»ን ሰርዤ «አባቷ ነበረበት» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሎቹ ተንጋደዱ። ክትትል ውስጥ ገባች፤ በየሦስት ወሩ ትለካለች።
በሩ ላይ የቀጠሮ ወረቀቷን አቀበለችኝ። «አንብቢልኝ።»
እሷ ከእኔ አብልጣ ታነባለች።
«ሁሉንም» አለች።
ሰው እያለፈ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። ረጅም ቃል ነው፣ የሐኪም ቃል። ፊቴ ጋለ... እንደዚያን ቀን።
«ይሄን አላውቀውም» አልኳት።